የቤቱ ፍቅርና የቤቱ ጌታ ፍቅር

ስለ ክርስቲያን አካሄድ የተጻፈ ትምህርት። አስቀድሞ የሚነበብ ክፍል፤ የዮሐንስ ራእይ 2፥1-7።

አንባቢ ሆይ፤ ይህ ትንሽ ጽሑፍ የተጻፈው ከጸሎት ቤት ለራቀ ሰው አይደለም። እሑድ ማለዳ ደወሉ ሲደወል ነጭ ልብሱን ለብሶ፥ መጽሐፉን በእጁ ይዞ ለሚገሠግሥ፥ ስሙ በማኅበሩ መዝገብ ለተጻፈ፥ መዝሙሩን በቃሉ ለሚያውቅ፥ መባውን ለማያስቀር ሰው ነው። አንተ እንዲህ ያለህ ሰው እንደ ሆንህ የምታደርገው ሁሉ መልካም ነውና ተው የሚልህ የለም። ነገር ግን አንድ ጥያቄ በልብህ እንድትመልስ እለምንሃለሁ። ይህ ሁሉ ቢወሰድብህ፥ ይኸውም ቤቱ ቢዘጋ፥ ወዳጆችህ ቢበተኑ፥ መዝሙሩ ዝም ቢል፥ የሚቀርልህ ምንድር ነው? ኢየሱስ ክርስቶስ ይቀርልሃልን? ወይስ ባዶ እጅህን ትቀራለህ?

ጥያቄው ለመናገር አጭር ነው፤ ለመመለስ ግን ከባድ ነው። ሰው ሳያውቀው ቤቱን ወድዶ የቤቱን ጌታ ሊረሳ ይችላልና። ይህም ነገር ከእኛ አስቀድሞ በብዙዎች ላይ ደርሶአል። ከእነርሱ መካከል አንዲቱን፥ የኤፌሶንን ማኅበር፥ እንመልከት።

1. የኤፌሶን ማኅበር አጀማመር

ኤፌሶን በታናሽ እስያ በባሕር አጠገብ የነበረች ታላቅ የንግድ ከተማ ናት። ፍርስራሽዋ ዛሬ በቱርክ አገር ሴልቹክ በምትባል ከተማ አጠገብ ይታያል። በቀድሞ ዘመን የአርጤምስ ቤተ ጣዖት ነበረባት፤ እርሱም ከጥንቱ ዓለም ሰባት ድንቅ ሥራዎች አንዱ ሆኖ ይቈጠር ነበር። ሐዋርያው ጳውሎስ ወደዚህች ከተማ በመጣ ጊዜ በመጀመሪያ 3 ወር በምኵራብ ተናገረ፤ ከዚያም 2 ዓመት ያህል በጢራኖስ ትምህርት ቤት ዕለት ዕለት አስተማረ (የሐዋርያት ሥራ 19፥8-10)።

ያን ጊዜ በዚያች ከተማ የሆነውን ነገር ልብ አድርገህ ተመልከት። አስማት ያደርጉ የነበሩ ሰዎች መጽሐፎቻቸውን ሰብስበው አመጡ፤ በሰውም ሁሉ ፊት አቃጠሉአቸው። ዋጋውን ቢቈጥሩት 50,000 ብር ሆኖ ተገኘ (19፥19)። አንዱ ብር የአንድ ሠራተኛ የቀን ደመወዝ ያህል ነበረ ተብሎ ይገመታል። እንግዲህ በአንዲት ቀን የተቃጠለው ገንዘብ አንድ ሰው ዕድሜውን ሁሉ ቢደክም የማያገኘው ነበረ። መጽሐፎቹን ሸጠው ዋጋውን ለልጆቻቸው ሊያተርፉ ይችሉ ነበር፤ ነገር ግን አላደረጉትም። ይህን ያደርጉ ዘንድ ማን አዘዛቸው? ገና የተጻፈ የማኅበር ደንብ አልነበራቸውም፤ ያማረ ቤትም አልነበራቸውም። ክርስቶስን አገኙት፤ ባገኙትም ጊዜ የቀረው ሁሉ በዓይናቸው ረከሰ። የመጀመሪያ ፍቅር ማለት ይህ ነው።

ይህም ፍቅር በከተማው ሁሉ ተሰማ። የብር ሠሪዎቹ አለቃ ድሜጥሮስ የጣዖቱ ገበያ እንዳይጠፋበት ፈርቶ ሕዝቡን አወከ፤ ሕዝቡም በከተማው ቴአትር ተሰብስቦ 2 ሰዓት ያህል የአርጤምስን ስም እየጠራ ጮኸ። ያ ቴአትር ዛሬም በፍርስራሹ መካከል ይታያል። ምእመናን በቍጥር ጥቂቶች ነበሩ፤ ፍቅራቸው ግን የጣዖት ነጋዴዎችን አስደነገጠ።

ጳውሎስም ለዚህች ከተማ ሰዎች በጻፈው መልእክት መጨረሻ ላይ ጸጋን የሚመኘው ጌታችንን ኢየሱስ ክርስቶስን በማይጠፋ ፍቅር ለሚወዱት ነው (ወደ ኤፌሶን ሰዎች 6፥24)። ይህን የመጨረሻ ቃል አስተውለው። በኋላ የጐደላቸው ያው ነገር ነውና።

2. ጌታ ያመሰገነውና የነቀፈው

ብዙ ዓመት አለፈ። ዮሐንስ በፍጥሞ ደሴት ሳለ ጌታ ለሰባቱ ማኅበሮች መልእክት ላከ፤ የመጀመሪያውም መልእክት ለኤፌሶን ነበረ። በመልእክቱም አስቀድሞ ምስጋና አለ። ድካማቸውን አውቆአል፤ ትዕግሥታቸውን አይቶአል። ክፉዎችን አልታገሡም። ሐዋርያት ነን የሚሉትን መርምረው ሐሰተኞች እንደ ሆኑ አገኙአቸው። ስለ ስሙ መከራ ተቀብለው አልታከቱም።

ወዳጄ ሆይ፤ ይህን ምስጋና እንደ ገና አንብበው። ከዛሬ ማኅበሮች አንዲቱ ይህን የመሰለ ደብዳቤ ብታገኝ በመስተዋት አግብታ በግድግዳዋ ላይ ትሰቅለው ነበር። ሥራ አላት፤ ትዕግሥት አላት፤ ቀና ትምህርት አላት፤ ሥርዓት አላት። ምን ቀረባት?

ጌታ ግን ሰው የማያየውን አየ። የመጀመሪያውን ፍቅር እንደ ተዉ ነገራቸው። ከጸሎት ቀሩ አላላቸውም፤ ሃይማኖታቸውን ለወጡ አላላቸውም፤ መባቸውን አስቀሩ አላላቸውም። ሥራው ሁሉ እንደ ነበረ ነበር፤ ሥራውን የወለደው ፍቅር ግን ከውስጡ ወጥቶ ነበር።

ይህ እንዴት ይሆናል? በቤት ኑሮ ምሳሌ እንየው። ባልና ሚስት በተጋቡበት ወራት አንዱ የሌላውን ድምፅ ለመስማት ይናፍቃል። ከብዙ ዓመት በኋላ ቤቱ ሞልቶአል፤ እንጀራው በጊዜው ይጋገራል፤ ቡናው በጊዜው ይፈላል፤ ልጆቹ ለትምህርት ይሄዳሉ፤ እንግዳውም በክብር ይሸኛል። ጐረቤት ሁሉ የተባረከ ትዳር ነው ይላል። ነገር ግን ሁለቱ ሰዎች በማታ ከእሳቱ አጠገብ ተቀምጠው የሚነጋገሩት ነገር አጥተዋል። ማንም ማንንም አልበደለም፤ ማንም ከቤት አልወጣም። የቤቱ ሥራ የቤቱን ፍቅር ቀስ በቀስ ዋጠው። የኤፌሶንም ነገር እንዲህ ነበረ ብንል አንሳሳትም።

3. መልካሙ ነገር በክርስቶስ ስፍራ እንዴት ይቀመጣል

ሰይጣን ክርስቲያኑን ሁልጊዜ በመጠጥ ቤትና በቁማር ብቻ የሚፈትነው አይምሰልህ። ብዙ ጊዜ እግዚአብሔር በሰጠው መልካም ነገር ይይዘዋል። ሙሴ በምድረ በዳ የሠራው የናስ እባብ እግዚአብሔር ያዘዘው ነበረ፤ በእርሱም ብዙዎች ከሞት ዳኑ (ዘኍልቍ 21፥8-9)። ነገር ግን ከብዙ መቶ ዓመት በኋላ እስራኤል ለዚያ ናስ ያጥኑ ነበር፤ ንጉሡ ሕዝቅያስም ሰባበረው (2ኛ ነገሥት 18፥4)። ናሱ ያው ናስ ነበረ፤ የተለወጠው የሰዎቹ ልብ ነው። የሚያድነውን አምላክ ትተው የማዳኑን መሣሪያ ያዙ።

በእኛም ዘንድ ይህ በሦስት መንገድ ይደርሳል።

መጀመሪያው ልማድ ነው። አንድ ወጣት በትምህርት ቤት ሳለ ማለዳና ማታ በደወል ይጸልይ ነበር እንበል። ከመዘምራንም ጋር ይቆማል፤ የእሑድ ትምህርቱን አያስታጕልም። ትምህርቱን ጨርሶ በሩቅ አውራጃ በጽሕፈት ሥራ ወይም በአስተማሪነት ተመደበ። በዚያ የሚያውቀው ሰው የለም፤ የሚደወልለት ደወልም የለም። በመጀመሪያው እሑድ ብቻውን ጥቂት አነበበ። በሁለተኛው ወር መጽሐፉ ከሣጥን ውስጥ ገባ። ዓመት ሳይሞላው እንደ አገሩ ሰካራም ሆነ። ዘመዶቹም አገሩ አበላሸው ብለው ያለቅሳሉ። ነገር ግን እውነቱን ብንናገር አገሩ ገለጠው እንጂ አላበላሸውም። ይዞት የነበረው ደወሉ ነበር፤ ደወሉ በቀረ ጊዜ የሚይዘው አጣ። አንተ ተማሪ ሆይ፤ ይህ ነገር በአንተ ሳይደርስ ዛሬ ልብህን መርምር።

ሁለተኛው የወዳጆች ማኅበር ነው። ከወንድሞች ጋር አብሮ መብላት፥ አብሮ መዘመር፥ በኀዘን ጊዜ መጽናናት የእግዚአብሔር ስጦታ ነው። ነገር ግን ሰው ክርስቶስን ስለ ወዳጆቹ ሲል የወደደ እንደ ሆነ፥ ወዳጆቹ ባሳዘኑት ቀን ክርስቶስን ይተዋል። በሽማግሌዎች ምርጫ ስሙ ሳይጠራ የቀረ አንድ ሰው አስብ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከጸሎት ቤት ቀረ፤ ይህስ ስለ ኀዘኑ ነው እንበል። ነገር ግን በቤቱም፥ በጓዳውም መጸለይን ተወ። ስለ ምን? ክርስቶስ በምርጫው ቀን ምን በደለው? ስለ እርሱ የተቸነከረው እጅ ተለወጠን? የተለወጠው የሰው ፊት ብቻ ነው። የሰው ፊት ሲጠቍር ጸሎቱ የጠፋበት ሰው፥ ቀድሞ ይጸልይ የነበረው ወደ ሰው ፊት እንደ ነበረ ይወቅ።

ሦስተኛው አገልግሎት ነው። ማርታ ጌታን በቤትዋ ተቀበለች (ሉቃስ 10፥38-42)። ጌታ ሥራዋን አልናቀም፤ የራበው ሰው መብል ያስፈልገዋልና። ነገር ግን ሥራው ከጌታ ለያት፤ በእኅትዋም ላይ አስቈጣት፤ በኋላም በጌታ ራሱ ላይ አስማረራት። ይህ ምልክት አይስትም። አገልግሎትህ ሌላውን ሰው እንድትነቅፍ ብቻ ካደረገህ፥ ለጌታ እየሠራህ ከጌታ ርቀሃል። ለእርሱ ምሳ ስታበስል ከእርሱ ጋር መቀመጥን ረስተሃል።

ለሐሰት ትምህርት ያለንም ጥላቻ እንዲሁ ነው። ኤፌሶን ሐሰተኞችን መርምራ አገኘች፤ ስለዚህም ተመሰገነች። ይሁን እንጂ ስሕተትን መጥላት ክርስቶስን ከመውደድ ጋር አንድ አይደለም። ሌላውን ማኅበር በመንቀፍ የሚሞቅ ልብ በጸሎት ጊዜ ቀዝቅዞ እንደ ሆነ፥ ሙቀቱ ከመንፈስ ቅዱስ አልመጣም።

4. ሁሉ በተወሰደ ጊዜ ምን ቀረ

ከሩቅ አገር ብቻ ሳይሆን ከአገራችንም አንድ ምስክር ላቅርብልህ። በወላይታ የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሲዮን ወንጌልን ይሰብክ ነበር። የኢጣልያ ሠራዊት አገራችንን በያዘ ጊዜ ሚሲዮናውያኑ በ1929 ዓ.ም. ከሶዶ ለቅቀው እንዲወጡ ሆኑ። የተጠመቁት ምእመናን ያን ጊዜ አንድ መቶ እንኳ አይሞሉም ነበር። በቋንቋቸው የተተረጐመላቸውም የቅዱስ መጽሐፍ ክፍል ጥቂት ብቻ ነበረ። አስተማሪዎቻቸው ሄዱ፤ የጸሎት ቤቶች ተቃጠሉ፤ ከመሪዎቻቸውም የታሰሩና የተገረፉ ነበሩ። ሰው የሚደገፍበት ነገር ሁሉ ተወሰደባቸው።

ማኅበሩ በሚሲዮናውያኑ ፍቅርና በቤቱ ልማድ ብቻ ቆሞ ቢሆን ኖሮ በዚያ ወራት ይፈርስ ነበር። ነገር ግን ከነጻነት በኋላ ሚሲዮናውያኑ ሲመለሱ ምእመናኑ ብዙ ሺሕ ሆነው አገኙአቸው። አስተማሪው ቢሄድ ክርስቶስ አልሄደም ነበርና። የታሰረው በእስር ቤት፥ ገበሬው በእርሻው፥ እናትም በማጀትዋ እርሱን አገኙት፤ ላገኙትም ሰው ሁሉ ነገሩት። እንግዲህ የማኅበር ጽናት በግንቡና በመርሐ ግብሩ አይለካም፤ ይህ ሁሉ በተወሰደ ጊዜ በሚቀረው ፍቅር ይለካል።

5. እንግዲያስ ማኅበርን እንተዋለንን?

ከዚህ የተነሣ አንድ ሰው፥ እኔ ክርስቶስን በቤቴ እወደዋለሁ፤ ማኅበር አያስፈልገኝም ይል ይሆናል። ይህ ሌላ ስሕተት ነው። ጌታችን ራሱ በሰንበት ወደ ምኵራብ የመግባት ልማድ ነበረው (ሉቃስ 4፥16)፤ በዚያ ከሚገኙትም ብዙዎች ልባቸው የቀዘቀዘ እንደ ሆነ ያውቅ ነበር፤ ሆኖም አልቀረም። የዕብራውያንም መልእክት መሰብሰባችንን እንዳንተው ይመክረናል (10፥25)። ደግሞም ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን እንደ ወደደ፥ ራሱንም ስለ እርስዋ አሳልፎ እንደ ሰጠ የምናነበው በዚሁ ለኤፌሶን ሰዎች በተጻፈ መልእክት ነው (5፥25)። ክርስቶስን የሚወድ ክርስቶስ የወደደውን አይንቅም። የሚታየውን ወንድሙን የማይወድ ሰው የማይታየውን አምላክ እወዳለሁ ቢል ሐሰተኛ ነው (1ኛ ዮሐንስ 4፥20)።

የምንናገረው ስለ ተራው ነው። የትኛው ይቀድማል? ጌታ ከትንሣኤው በኋላ በባሕሩ ዳር ጴጥሮስን ሦስት ጊዜ ጠየቀው (ዮሐንስ 21፥15-17)። ስንት ሰው ታስተምራለህ ብሎ አልጠየቀውም፤ ሥርዓቱን ትጠብቃለህን ብሎም አልጠየቀውም። ይወደው እንደ ሆነ ጠየቀው፤ ከዚያ በኋላ በጎቹን አደራ ሰጠው። ፍቅሩ ቀደመ፤ አገልግሎቱ ተከተለ። ይህ ተራ የተገለበጠ እንደ ሆነ ጋሪው በፈረሱ ፊት ቆመ ማለት ነው፤ ቢገፉትም አይሄድም።

6. ራስህን የምትመረምርበት ጥያቄ

በሌላ ሰው ላይ ሳይሆን በራስህ ላይ አንብበው።

ሀ. በጸሎት ቤት ረጅም ጸሎት የምጸልይ እኔ፥ ማንም በማያየኝ ስፍራ ስንት ጊዜ እጸልያለሁ?

ለ. ከስብከት በኋላ ስለ ሰባኪው አነጋገር እናገራለሁን፥ ወይስ ስለ ክርስቶስ?

ሐ. የለመድሁት የመዝሙር ዜማ ወይም የመቀመጫዬ ስፍራ ቢለወጥ እቈጣለሁን? ድኻ ወንድሜ ተርቦ ባየሁ ጊዜስ ያን ያህል አዝናለሁን?

መ. ማኅበሬ ቢያሳዝነኝ ወደ ጌታ እሸሻለሁን፥ ወይስ ከጌታ እሸሻለሁ?

ሠ. ዛሬ በሞት ብጠራና የማውቀው ሰው አንድ እንኳ በሌለበት ክርስቶስ ብቻ ቢቀበለኝ፥ ደስ ይለኛልን?

የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉ ይልቅ ከባድ ነው። መንግሥተ ሰማያትን የምንመኘው የሞቱት ዘመዶቻችን ስላሉ ብቻ፥ ወይም ከመከራ ስለምናርፍ ብቻ እንደ ሆነ፥ ገና ቤቱን እንጂ ጌታውን አልወደድንም።

7. የመመለስ መንገድ

ጌታ ኤፌሶንን ነቅፎ አልተዋትም። ሦስት ነገር አዘዛት፤ ታስብ ዘንድ፥ ንስሓ ትገባ ዘንድ፥ ቀድሞ ታደርገው የነበረውን ሥራ ታደርግ ዘንድ (ራእይ 2፥5)። አንተም እንዲሁ አድርግ።

አስብ። ክርስቶስን መጀመሪያ ያወቅህበትን ቀን፥ ያን ጊዜ ያነበብኸውን ምዕራፍ፥ ስለ እርሱ የተውኸውን ነገር አስታውስ። እንዲህ ያለ ቀን ከቶ ያልነበረህ እንደ ሆነ፥ ይህን ለራስህ መናዘዝ መልካም ነው። ዛሬ የመጀመሪያው ቀንህ ሊሆን ይችላልና።

ንስሓ ግባ። በፍቅር መቀዝቀዝን እንደ ሕመም ብቻ አትቍጠረው፤ ጌታ እንደ በደል ቈጥሮታልና። ጌታ ሆይ፥ ሥራህን ወደድሁ፥ አንተን ግን ረሳሁህ ብለህ ንገረው።

የቀድሞውን ሥራ አድርግ። እሑድ ወደ ጸሎት ቤት ከመሄድህ አስቀድሞ ጥቂት ሰዓት ብቻህን ሁን። ከወንጌል አንድ ክፍል አንብብ፤ ስታነብም ምን አዘዘኝ ብለህ ብቻ ሳይሆን እርሱ እንዴት ያለ ጌታ ነው ብለህ ጠይቅ። በየሳምንቱ ከሰው ሁሉ የተሰወረ አንድ የፍቅር ሥራ ሥራ፤ ስምህ በማይጻፍበት ስፍራ የሚደረገው ሥራ ፍቅርን ይመግበዋል። የተጣላኸው ወንድም ቢኖር እርሱ እስኪመጣ አትጠብቅ፤ አንተ ሂድ። ከዚያ በኋላ ወደ ማኅበር ግባ። ያን ጊዜ ያው አሮጌው መዝሙር በአፍህ አዲስ ይሆንልሃል።

ከኤፌሶን ሰዎች በኋላ የሆነውንም ስማ። አግናጥዮስ የአንጾኪያ ኤጲስ ቆጶስ በሁለተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ለሞት ወደ ሮሜ ሲወሰድ ለእነርሱ ደብዳቤ ጻፈላቸው፤ በዚያም ስለ እምነታቸውና ስለ ፍቅራቸው አመሰገናቸው። ከዚህ ተግሣጹ በከንቱ እንዳልቀረ ተስፋ እናደርጋለን። በ431 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የአብያተ ክርስቲያናት ታላቅ ጉባኤ በዚያች ከተማ ተሰበሰበ። ነገር ግን ዘመናት አለፉ፤ ወንዙ የሚያመጣው ደለል ወደቡን ደፈነው፤ ነዋሪዎቹም ቀስ በቀስ ተዉአት። ዛሬ ከአርጤምስ ቤተ ጣዖት ጥቂት ድንጋይና ቆሞ የሚታይ አንድ ዓምድ ብቻ ቀርቶአል፤ ጉባኤው የተደረገበትም ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ ነው። የጣዖቱም ቤት፥ የማኅበሩም ቤት ድንጋይ ሆኖ ቀረ። ስፍራና ግንብ ያልፋሉ። የማያልፈው በወርቁ መቅረዞች መካከል የሚመላለሰው ጌታ ነው፤ እርሱን የሚወዱትም ከእርሱ ጋር ይኖራሉ።

ለሚያሸንፍም ከሕይወት ዛፍ ይበላ ዘንድ እንዲሰጠው ተስፋ ሰጥቶአል። ወንድሜ ሆይ፥ እኅቴም ሆይ፤ በሚመጣው እሑድ ደወሉ ሲደወል እንደ ልማድህ ተነሥተህ ሂድ፤ ነገር ግን በሩን ከማለፍህ አስቀድሞ ጥቂት ቁምና የምትሄደው ወደ ማን እንደ ሆነ አስብ።

ጸሎት። ጌታ ኢየሱስ ሆይ፤ ቤትህንና ሕዝብህን እንድወድ ሰጠኸኝ፤ አመሰግንሃለሁ። ነገር ግን ስጦታህን ይዤ አንተን የረሳሁበትን ጊዜ ሁሉ ይቅር በለኝ። የቀዘቀዘውን ልቤን በፍቅርህ አሙቀው። ሁሉ ቢወሰድብኝ አንተ እንድትበቃኝ አድርገኝ፤ በወንድሞቼም መካከል ስቀመጥ አንተን ወድጄ እነርሱን እንድወድ እርዳኝ። አሜን።